ሥዕሉ የማያውቀው ሁለት ሳንቲሜትር

ባለፈው ጥር እናቴን ለመጠየቅ ኮምቦልቻ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ በቴክኒክ ኮሌጅ የብየዳና የቧንቧ ሥራ የሚማረው የእኅቴ ልጅ ቶናው እስኪቀዳ ጠብቆ፣ «ጋሼ፣ ይህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ሥራውን ሁሉ ከወሰደው እኔ ይህን ሙያ ተምሬ ምን ልሆን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እናቴ ቀደም ብላ፣ «አብሽር ልጄ፣ የአንተን ሪዝቅ ማንም አይበላብህም» በማለት ነገሩን ልትዘጋው ሞከረች። እኔ ግን እንዲያ በቀላሉ ልዘጋው አልቻልኩም፤ ጥያቄው እኔንም ሲያብሰለስለኝ ከርሟል።

የምኖረው በአሜሪካ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ሲሆን እንጀራዬ የኢንዱስትሪ ቧንቧ መገጣጠም ነው። በልጅነቴ ከአባቴ ጋር የእንፋሎት ቧንቧ ስጠግን ያደግሁ ብሆንም፣ እዚያ ስደርስ እንደ ማንኛውም ጀማሪ አምስት ዓመት እየሠራሁ ተምሬአለሁ። የሚገርመው፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አብዛኛው ሥራዬ የዳታ ማዕከል ግንባታ ሆኗል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያንቀሳቅሱት ኮምፒውተሮች ብርቱ ሙቀት ስለሚያመነጩና አየር ብቻውን ስለማያበርዳቸው፣ አሁን አሁን ቀዝቃዛ ፈሳሽ እስከ ቺፑ ጀርባ ድረስ በቧንቧ ይወሰድላቸዋል። እንጀራዬን ይነጥቀኛል ለሚባለው ፍጥረት ውሃ የማጠጣው እኔው ነኝ ማለት ነው።

ማሽኑ የወሰደውን ሥራ አልክድም። ቀድሞ የቧንቧውን ሥዕል ዘርግቼ፣ የ45 ዲግሪ መታጠፊያ ሲመጣ በ1.414 እያባዛሁ፣ ክርን የምንለው ጥምዝ መጋጠሚያ የሚይዘውን ርዝመት፣ የየክርኑን ድርሻ፣ እየቀነስኩ የመቁረጫ ልኩን የማወጣው በእርሳስ ነበር። ዛሬ ፕሮግራሙ ሥዕሉን አንብቦ ስንት ሜትር ቧንቧ፣ ስንት ፍላንጅ (ቧንቧው በብሎን የሚታሰርበት የብረት ቀለበት)፣ ስንት ብሎን እንደሚያስፈልግ ይዘረዝራል። በዎርክሾፕ ውስጥ ቧንቧው እየተሽከረከረ ሮቦት ይበይደዋል፤ የብየዳውን የራጅ ምስል አይቶ ስንጥቅና የአየር ቀዳዳ የሚጠቁም ሶፍትዌርም አለ። እኔ ከሰዓት በኋላ ደክሞኝ 6ን 9 አድርጌ ባነብ፣ እሱ አይደክመውም።

እምነቴ ከልኩ ያለፈው ግን በአንድ የፓምፕ ክፍል ውስጥ ነበር። ባለ 6 ኢንች ቧንቧ በሁለቱም ጫፍ ፍላንጅ ተበይዶለት፣ ልኩ ሁሉ ከኮምፒውተር ዝርዝር ተወስዶ መጣ። በሰንሰለት ሰቅለን ወደ ፓምፑ ስናስጠጋው የብሎኖቹ ቀዳዳዎች አልገጥም አሉ፤ ፓምፑ የተቀመጠበት የኮንክሪት መሠረት ሥዕሉ ላይ ካለው ቦታ ሁለት ሳንቲሜትር ፈቀቅ ብሎ ተሞልቶ ኖሯል። አብሮኝ የነበረው ወጣት በሰንሰለት ስበን፣ ብሎኑን አስጨንቀን እንሰረው አለ። ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በግድ የተሳበ ቧንቧ ጫናውን በሙሉ ፓምፑ ላይ ስለሚጥል፣ ፈሳሽ እንዳያፈስ የሚያግደው ማኅተሙና ኩሽኔታው ከጊዜያቸው በፊት ያልቃሉ። ቆረጥነው፤ እንደገና ገጠምነው፤ ሙሉ ቀን ሄደ። ፎርማኑ ሜትሬን ከቀበቶዬ ላይ በጣቱ መታ አድርጎ ምንም ሳይናገር ሄደ፤ ያ ዝምታ ከስድብ በላይ አቃጠለኝ። ጥፋቱን በማሽኑ ላይ ልጥለው አልችልም፤ የተሰጠውን ሥዕል በትክክል አንብቧል። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ መለካት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አንዱን ጫፍ ሳላስበይድ፣ ትርፍ ርዝመት አስተርፌ ቦታው ላይ ካልለካሁ በቀር አልቆርጥም።

ስለዚህ ለራሴ ብዙም አልሰጋም። የምሰጋው ለዚህ ልጅ ነው። እኔ መለካት የተማርኩት ቧንቧ በመቁረጥ፣ ጠርዙን በግራይንደር በመሞረድ፣ ብሎን በመቁጠርና ታላላቆቼ ሲሳሳቱ በማየት ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ቀድሞ የሚወስደው ይህንኑ የጀማሪ ሥራ ነው። በዚህ ገንዘብ የሚቆጥብ አሠሪ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ፓምፑ አጠገብ የሚንበረከከው ባለሙያ ከየት እንደሚመጣ ሲጠይቅ አልሰማሁም።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በዕድሜ ጠገብ ፋብሪካ ውስጥ ቧንቧው በየጊዜው እየተቆረጠ፣ እየተቀጠለ፣ ማንም ሳይሥለው ስለሚለወጥ፣ ማሽን ሊያነበው የሚችል ትክክለኛ ሥዕል አይገኝም። ያለው ሰነድ በአሮጌ ጠጋኞች ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ አባቴ የትኛው ቫልቭ ወደ ግራ እንደሚዘጋ በቃሉ ያውቅ ነበር። ልጁ በኮምፒውተር መሣልን እንዲማር መከርኩት፤ ከዚያ በፊት ግን ከእነዚህ ሽማግሌዎች ሥር እንዲውል አደራ አልኩት።

በረካው ሲቀዳ ልፈትነው አሰብኩ። ባለ 4 ኢንች ቧንቧ በ45 ዲግሪ ታጥፎ 50 ሳንቲሜትር ወደ ጎን ይሂድ፤ ስንት ትቆርጣለህ አልኩት። ስልኩን አውጥቶ ጠየቀ፤ «70.7» የሚል መልስ መጣለት፤ እሱም ደስ አለው።

«ክርኖቹስ?» አልኩት።

ዝም አለ። ስልኩ አልተሳሳተም፤ የተጠየቀውን፣ ከአንዱ ክርን መሐል እስከ ሌላው ክርን መሐል ያለውን ርቀት ነግሮታል። የየክርኑ ድርሻ 64 ሚሊሜትር ነው፤ ሁለቱ ሲቀነሱ፣ ለብየዳ የሚተወው የ3 ሚሊሜትር ክፍተትም በሁለቱም በኩል ሲወጣ የሚቀረው 57.3 ሳንቲሜትር ነው። እናቴ የከሰል ማንደጃውን እየገፋች፣ «ይኸው፣ አባትህ ቆሞ ቢሰማ ምን አለበት» አለች።

ባለፈው ሳምንት በስልክ ፎቶ ላከልኝ። ሁለት ክርኖች በነጥብ ብየዳ ተይዘው፣ ሜትሩ ቧንቧው ላይ ተዘርግቶ፣ በኖራ «57.3» ተጽፎበታል። አጉልቼ ሳየው የላይኛው ክፍተት ከታችኛው ትንሽ ሰፋ ብሏል። ከመበየድህ በፊት አዙረህ በአራቱም በኩል ለካ ብዬ ጻፍኩለት፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።