ውሃ የጠጣ አርማታ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ዝናቡ ይሁን ድካሙ እንጃ። ከሥራ እንደወጣሁ ቤቴ ገብቼ ብተኛ ደስ ይለኝ ነበር። የማታ ትምህርቱን መቅረት ስላልፈለግኩ ግን ሄድኩ።

መምህሩ ስለ አርማታ እያስረዳን ነበር። አርማታ የሚጠነክረው ስለሚደርቅ አይደለም አለን። ሲሚንቶው ከውሃው ጋር እየተዋሃደ ነው የሚጠነክረው። ውሃው ቶሎ ከተነነ ውህደቱ መሃል ላይ ይቆማል፤ አርማታውም ይሰነጣጠቃል። ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ የሚጠጣው ለዚህ ነው። ጥንካሬው የሚለካው ደግሞ በ28ኛው ቀን ነው።

እኔ ስጽፍ አብረውኝ የሚማሩት ሽማግሌ ጋሼ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ለዚህ ነው እንዴ?" አሉ፣ ለራሳቸው።

ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ አርማታ ውሃ ሲያጠጡ ነው የኖሩት። በልጅነታቸው ባሬላ ተሸክመዋል፣ ኋላ ግንበኛ ሆኑ። ኮለኑን፣ ማለትም የአርማታውን ምሰሶ፣ በጆንያ ጠቅልለው ጠዋትና ማታ ያርሱታል። ፎርማኑ "አጠጣ" ስላለ ያጠጣሉ፤ በቃ። ለምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ የተማርነው ምንም አልገባኝም። ቦሌ፣ ሃያ ሁለት፣ ሲኤምሲ የቆሙት ሕንጻዎች ዓይኔ ላይ መጡ። ስንት መሐንዲስ ጋሼ አጠገብ ቆሞ ሥራ ተቆጣጥሯል? አንዱ ሁለት ደቂቃ ወስዶ ቢያስረዳቸው ምን ይቀርበት ነበር? በጣም ነው ያናደደኝ። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ፎርማኑ ዞር ሲል ቢተወው ማን ይፈርድበታል? ጋሼ ግን ትተው አያውቁም።

የእሳቸውን እጅ ደግሞ አይቼዋለሁ። ባለፈው ግቢ ውስጥ የመሠረት ማዕዘን ስናወጣ ሲባጎውን ተቀበሉን። ከጥግ ችካሉ በአንድ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለኩ። ከዚያ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልክ 5 ሜትር እስኪሆን ድረስ አንዱን ሲባጎ በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ ገፉት። ሲሚንቶ የበላው ጣት ነው፣ ግን ፀጉር ታህል ነው የሚያንቀሳቅሰው። መምህሩ ማዕዘኑን በስኳድራ ቢፈትሸው ልክ 90 ዲግሪ ነው። ይህ ስሌት የሚጠራበትን የፓይታጎረስን ስም ግን ሰምተው አያውቁም።

አሁን የጨነቀኝ ሲኦሲው፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ፈተናው ነው። የተግባርም የጽሑፍም ፈተና አለው። በተግባሩ ማን ይደርስባቸዋል? ጽሑፉን ግን እፈራለሁ። ጋሼ ፊደል በፊደል እየለቀሙ ነው የሚያነቡት። ጥያቄውን እኔ ሳነብላቸው ግን ሳልጨርሰው ይመልሱታል። ወረቀቱ ደግሞ ለእሳቸው ለጌጥ አይደለም። ትናንት የመጣ ልጅ ሰርተፍኬት ስላለው ብቻ በባለሙያ ዋጋ ሲቀጠር፣ እሳቸው የልጁን ግንብ እያቃኑለት በረዳት ዋጋ ይውላሉ።

ጥያቄው ተነብቦላቸው በቃል ይመልሱ ዘንድ ይፈቀድ እንደሆነ መምህሩን ልጠይቅ አሰብኩ። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ያን ሁሉ ወጣት ፊት "ለእሳቸው ይነበብላቸው" ሲባል ምን ይሰማቸው ይሆን? ቅር ብሏቸው ትምህርቱን ቢተዉትስ? ዝም እንዳልል ፈተናው ደርሷል።

እናንተ ብትሆኑ መጀመሪያ ለማን ትናገራላችሁ? ለመምህሩ ወይስ ለጋሼ?