ደም የሚያቆም ስፖንጅ በቤተ ሙከራ ስሠራ

ስጀምር ለስፖንጁ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ አማራጩ ብዙ ነበር። ጄላቲን፣ ኮላጅን፣ ከባሕር አረም የሚወጣው አልጂኔት፣ ኦክሲዳይዝድ ሴሉሎስ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አሉ። እኔ የመረጥኩት ካይቶሳንን ነው። ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው የሚሠራው። አሲድ ውስጥ ሲሟሟ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል፤ የቀይ ደም ሴሎች ገጽ ደግሞ ኔጋቲቭ ነው። ስለዚህ ሴሎቹን ስቦ እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ደም የሚያረጉት ፕሮቲኖች ሥራቸውን እስኪጀምሩ አይጠብቅም። ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) ባለበት ደም ላይም ሊሠራ የሚችለው ለዚህ ነው።

ማሟሟቱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። የካይቶሳኑ ዱቄት በንጹሕ ውሃ አይሟሟም። 1 በመቶ አሴቲክ አሲድ ያስፈልገዋል፤ ማማሰያው ላይ ማደር አለበት። አጣርቼ አረፋው እስኪጠፋ ተውኩት።

ዋናው ነገር ያለው ማቀዝቀዙ ላይ ነው። ሲቀዘቅዝ የበረዶ ክሪስታል ይሠራል። ቫክዩም ውስጥ (አየሩ በተመጠጠበት ዕቃ) በረዶው ሳይቀልጥ ተንኖ ይወጣል፤ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ሰፋፊ ቀዳዳ አወጣ። ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የገባው ደግሞ ደቃቅ ሆነ። ዱቄቱ ያው፣ መጠኑ ያው፣ ስፖንጁ ግን ሌላ። ሰው ስለ ፖሊመሩ፣ ማለትም ስፖንጁ ስለሚሠራበት ባለ ረጅም ሰንሰለት ሞለኪውል፣ ዓይነት ብዙ ይከራከራል። ለእኔ ግማሹ ጉዳይ ቀዳዳው ነው።

የደረቀው ስፖንጅ ውስጡ አሲድ ስላለ ደም ሲነካው መሟሟት ይጀምራል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ብትነክረው ይጠነክራል፣ ግን ፖዘቲቭ ቻርጁም አብሮ ይቀንሳል። ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም። እኔ ቅርጹን እንዲይዝ ያህል ብቻ ለአጭር ጊዜ ነክሬ፣ በደንብ አጥቤ እንደገና አደረቅሁት።

ለሙከራው ሲትሬት የተጨመረበት ደም ተጠቀምኩ። ሲትሬት ካልሲየሙን ስለሚይዝ ደሙ አይረጋም፤ ካልሲየም ክሎራይድ ስትጨምርበት የመርጋት አቅሙ ይመለሳል። ደሙን በ37 ዲግሪ ስፖንጁ ላይ አቆይቼ የተጣራ ውሃ ቀስ አድርጌ ጨመርኩ። ያልተያዙት ቀይ ሴሎች ይፈነዳሉ፣ ሄሞግሎቢናቸው ውሃውን ያቀላዋል። ቅላቱ የሞገድ ርዝመቱ 540 ናኖሜትር በሆነ ብርሃን ይለካል። ውሃው የነጣ እንደሆነ ደሙ ረግቷል ይባላል።

ይባላል እንጂ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ብዙ ፈሳሽ የሚመጥ ስፖንጅ ያልረጋውንም ደም ውስጡ ይደብቃል፤ ውሃው ይነጣል፣ ቁጥሩም ያምራል። ስለዚህ ካልሲየም ያልተጨመረበትን ደም ጎን ለጎን ሞከርኩ። ቻርጅ የሌለው የሴሉሎስ ስፖንጅና ተራ ጎዝም ጨመርኩ። ካይቶሳኑ ሴሎቹን በእርግጥ እያጣበቀ ይሁን ወይስ ዝም ብሎ እየመጠጠ የሚታየው እነዚህ አብረው ሲለኩ ነው። ይህን ሳያደርግ ጥሩ ውጤት የሚያሳይ ግራፍ ሳይ አሁን አላምንም።

ሌላም አለ። ቱቦ ውስጥ ያለ ደም ግፊት የለውም፤ ከተቆረጠ ደም ቅዳ የሚወጣው ግን እየገፋ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የረጠበው ስፖንጅ ከሥጋ ጋር ምን ያህል እንደሚጣበቅ ለብቻው መለካት ያስፈልጋል።

ከጀርም ማጽዳቱን ለመጨረሻ አታቆዩት። የኦቶክሌቭ (በግፊት ባለ ትኩስ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) እንፋሎት ቀዳዳዎቹን ያበላሻል። ጋማ ጨረር ቅርጹን ባይነካም የፖሊመሩን ሰንሰለት ያሳጥረዋል። አሁን ማናቸውንም ልኬት የምወስደው ከጸዳው ስፖንጅ ላይ ነው።