የክረምት መውጫ ትንበያ ለሰሜን ሸዋ፦ ደጋው፣ አፋፉና ሜዳው ለየብቻ

ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ክረምትን የምትቆጥረው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ከዚህ ውስጥ ለትንበያ የሚያስቸግረው የመጨረሻው አርባ ቀን ነው። በሐምሌ “ነገ ይዘንባል” ያለ ሰው ብዙም አይሳሳትም። ከቡሄ ወዲህ ግን ጥያቄው ይለወጣል። የሞረትና ጅሩ ገበሬ ምስሩንና ሽምብራውን ለመዝራት ዋልካው (ጥቁሩ የሸክላ አፈር) መቼ እንደሚጠነፍፍ ማወቅ ይፈልጋል። የቀወቱ ገበሬ የደረሰ ማሾ ለመልቀም ስንት ተከታታይ ቀን ብራ እንደሚያገኝ ይጠይቃል። የመንዙ ደግሞ በገብሱና በባቄላው ላይ በረዶ እንዳይወርድ ይሰጋል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ትንበያ ለመስጠት መሞከር የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ እኔም የጀመርኩት በዚያ ነበር።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ግን ወደ 1,300 ሜትር ትወርዳለች። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በመንገድ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ቁልቁለቱ ግን በጣርማበርና በደብረ ሲና በኩል በአጭር ርቀት ተደፍቶ ያልቃል። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ በጣርማበርና በሸዋ ሮቢት መካከል 12 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ። የዓለም አቀፍ ሞዴሎች፣ ማለትም አየሩን በኮምፒውተር የሚተነብዩት ስሌቶች፣ ደግሞ ምድርን በካሬ በካሬ ከፍለው ነው የሚያሰሉት፤ ጥሩ የሚባለው እንኳ የካሬው ጎን 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ስፋት አፋፉ ገደል መሆኑ ይቀርና ለስላሳ ተዳፋት ይሆናል። ስለዚህ ስልክ ላይ የሚወጣውን ሙቀት ከማመኔ በፊት ሞዴሉ ለቦታው የያዘውን ከፍታ አያለሁ። ለደብረ ሲና 2,100 ሜትር ይዞ ትክክለኛው ከፍታ 2,600 ከሆነ፣ ከሰጠው ሙቀት 3 ዲግሪ ከሩብ ያህል እቀንሳለሁ። ዝናቡን ግን በእንዲህ ያለ ቀላል ስሌት ማረም አይቻልም፤ ለእሱ መለካት ያስፈልጋል።

መለኪያው ውድ አይደለም። አፉና ሥሩ እኩል የሆነ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። የአፉ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 11.3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሚቀበለው ስፋት 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያኔ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ማለት 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለመስፈሪያ ይሆናል። አፉ ሌላ ስፋት ካለው፣ የስፋቱን ግማሽ በራሱ አባዝቶ በ3.14 ማባዛት፣ ከዚያ ለ10 ማካፈል ነው። ለምሳሌ የ15 ሴንቲ ሜትር አፍ ሲሆን 17.7 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዕቃው ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ይበል፤ ከዛፍ፣ ከቤትና ከአጥር ደግሞ ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ይራቅ።

ልኬት የሚበላሽባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ዕቃ ወጨፎውን ያጣዋል፣ ወይም የጣሪያ ፍንጣቂ ይቀበላል። ሸዋ ሮቢት ላይ ሌሊት የወረደ 2 ሚሊ ሜትር ጠዋት ፀሐይ ከነካው ሳይነበብ ይተናል፤ ለዚህ አፉ ላይ ማንቆርቆሪያ (ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ የሆነ ማስተላለፊያ) መግጠም፣ ውስጡም ሁለት ጠብታ የምግብ ዘይት መጨመር ይረዳል። ደጋው ላይ ደግሞ በረዶ ከአፉ ነጥሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ዕቃው ጥልቅ ይሁን። በረዶ ከተጠራቀመበት መጠኑ የታወቀ ሙቅ ውሃ ጨምሮ ማቅለጥ፣ ከተለካው ላይ ያንኑ መጠን መቀነስ ነው። ንባቡ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይሁን። ጠዋት የተነበበው ዝናብ የትናንት ነው፤ ይህን ሳይለዩ የመዘገቡ ሁለት ሰዎች መዝገባቸው በአንድ ቀን ይዛነፋል፣ ትንበያውን ለመፈተሽም አይጠቅምም።

ሁለተኛው የስህተት ምንጭ ሰዓትና ቀን ነው። የአየር ሁኔታ ካርታዎች የሚታተሙት በጂኤምቲ (በግሪንዊች ሰዓት) ነው። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ለመለወጥ 3 ይጨመራል፣ ወደ እኛ አቆጣጠር ለማምጣት 6 ይቀነሳል፤ ባጭሩ ከጂኤምቲው 3 መቀነስ ነው። ካርታው ላይ 12 ያለው ከቀኑ 9 ሰዓት፣ 6 ያለው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። የሚቲዎሮሎጂ የአሥር ቀን ዘገባዎችም በፈረንጅ ወር የተከፈሉ ናቸው። የሴፕቴምበር የመጀመሪያው አሥር ቀን ከነሐሴ 26 እስከ ጳጉሜ 5፣ ሁለተኛው ከመስከረም 1 እስከ 10፣ ሦስተኛው ከመስከረም 11 እስከ 20 ይሆናል። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ግን በመስከረም ያሉት በአንድ ቀን ይንሸራተታሉ።

ካርታ ላይ የማየው በዋናነት ነፋስና እርጥበት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ። መማሪያዎች “የ850 ሄክቶፓስካሉን ካርታ ተመልከት” ይላሉ። ሄክቶፓስካል የአየር ግፊት መለኪያ ነው፤ ካርታው የአየሩ ግፊት 850 የሚሆንበትን ከፍታ ያሳያል። ያ ደረጃ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለሸዋ ሮቢት ይሠራል፤ ከራስ በላይ 200 ሜትር ያህል ነው። ለደብረ ብርሃን ግን 1,300 ሜትር ከመሬት በታች ነው፤ ሞዴሉ ቁጥር ቢሰጥም እዚያ አየር የለም። ለደጋው 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የ700 ሄክቶፓስካል ካርታ ነው የምጠቀመው። ክረምቱ ሲወጣ በዝቅተኛው ደረጃ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣ የነበረው እርጥብ ነፋስ ይደክማል፣ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ አየር ይገባል። ከ12,000 ሜትር በላይ በክረምት የሚነፍሰው ኃይለኛ የምሥራቅ ነፋስም ይላላል። እነዚህ ሁለቱ አብረው ለሦስትና አራት ቀን ከታዩ የዝናቡ መቀነስ በጣም ይጠበቃል። አንዱ ብቻ ከታየ ዝናቡ ሊመለስ ይችላል።

ከቀኑ የዝናብ መጠን ይልቅ ለሥራ የሚጠቅመው ዝናቡ የሚወርድበትን ሰዓት ማወቅ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ደጋው ጠዋት ብዙ ጊዜ ብራ ይሆናል። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ነፋስ ከሜዳው ሽቅብ ወደ አፋፉ ይሳባል፤ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ደመናው በጣርማበር ጠርዝ ላይ ይደረደራል፣ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ይወርዳል። በዚያው ሰዓት ሜዳው ላይ አየሩ ወደ ታች ስለሚጫን ፀሐይ ነው። ማታ ላይ ግን ከደጋው ዝናብ የቀዘቀዘው ከባድ አየር ቁልቁል ወርዶ ሞቃቱን የሜዳ አየር ከሥሩ ያነሳዋል። ለዚህ ነው ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላይ ዝናቡ ከነፋስና ከመብረቅ ጋር አምሽቶ የሚመጣው። በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው የሚታደሰው የሜቴዎሳት ሳተላይት ምስል ይህን ጉዞ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ምስሉ በማይገኝበት ደመናውን በዓይን ማየት ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ደመናው ጠፍጣፋነቱን ትቶ እንደ ግንብ ሽቅብ መካብ ከጀመረ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ይጠበቃል፤ በረዶም ሊኖርበት ይችላል። እስከ 6 ሰዓት ተበታትኖ ከቀረ ካፊያ ቢሆን ነው።

ባሮሜትር ላይ ብዙ ጊዜ ፈጅቻለሁ፤ ለሌላው እንዳይሆን ልንገር። ስልክ ውስጥ ያለው የግፊት መለኪያ ሲወርድ “ዝናብ ሊመጣ ነው” የሚባለው በሩቅ ሰሜን ላሉ አገሮች ነው። በእኛ ምድር ግፊቱ ዘነበም አልዘነበም በየቀኑ ሁለቴ ይወጣል፣ ሁለቴ ይወርዳል። ጠዋትና ማታ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፤ ከቀኑና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ 2 እና 3 ሄክቶፓስካል ነው። ከሰዓት በኋላ መውረዱ የዕለት ልማዱ እንጂ የዝናብ ምልክት አይደለም።

በየማታው የምጽፈው ትንበያ ሦስት መስመር ነው፤ እያንዳንዱ ሰዓትና የእርግጠኝነት መጠን ይይዛል። እንዲህ ነው፦ “ደጋው፦ እስከ 7 ሰዓት ብራ፣ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ዝናብ፣ ከ10 ጊዜ 6ቱን። አፋፉ፦ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ጉም፣ ጣርማበር ላይ መንገዱ ላይታይ ይችላል። ሜዳው፦ ቀን ፀሐይ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነጎድጓድ፣ ከ10 ጊዜ 4ቱን።” የእርግጠኝነቱን ቁጥር የማገኘው መነሻቸው በጥቂቱ እየተለወጠ በድጋሚ ከሚሠሩት የሞዴል ስሌቶች ነው። የአውሮፓው የአየር ትንበያ ማዕከል 51 ስሌት ይሠራል፤ ከነዚያ ስንቱ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ እንደሰጠ እቆጥራለሁ፣ ከዚያ በየቦታው መዝገብ አስተካክለዋለሁ። መፈተሻውም ቀላል ነው። “ነገም እንደ ዛሬ ይሆናል” ከሚለው ግምት ጋር በወሩ መጨረሻ ማወዳደር ነው። ከዚያ ካልበለጠ ሞዴሉ ለዚያ ቦታ አልረዳም ማለት ነው።

የሜዳው ሰው የራሱን ሰማይ ብቻ ካየ ይጎዳል። ደጋው ላይ በ10 ካሬ ኪሎ ሜትር 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 300,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ አፈሩ ከጠገበ አብዛኛው ቁልቁል ይመጣል። የሮቢና የጀውሃ ወንዞች ሰማዩ ሳይጠቁር ሊሞሉ ይችላሉ። ስለዚህ ከአፋፉ ላይ ያለ አንድ ሰው “እዚህ ዶፍ ነው” ብሎ መደወሉ ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል። ያን ቀን የውሃ መሳቢያ ሞተር ከወንዝ ዳር መነሳት አለበት፤ ከብትም ወንዝ ማሻገር አይገባም።

“ክረምቱ ወጣ” ማለት ከሁሉም ይከብዳል። “ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት” ይባላል፤ ግን ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፣ ከዚያ በኋላ ሩፋኤልን አልፎ መስቀል ድረስ ይዘንባል። ሦስት ብራ ቀን አይቼ ወጣ ማለቴ ያስከተለው ስህተት ከባድ ነበር፤ በዚያ ቃል የታጨደ ማሾ ዝናብ ከነካው በቅርፊቱ ውስጥ ያጎነቁላል፣ ቀለሙም ይበላሻል። አሁን የአፈሩን ውሃ እንደ ደብተር ሒሳብ እይዛለሁ። አፈሩ 100 ሚሊ ሜትር ይዟል ብዬ እጀምራለሁ፤ በየቀኑ ለሜዳው 5፣ ለደጋው 3 ተኩል እቀንሳለሁ፣ የዘነበውን እደምራለሁ፣ ከ100 አላሳልፍም። ዜሮ የደረሰበት ቀን የእርጥበቱ ማብቂያ ነው። ዝናቡ በሁለቱም ቦታ በአንድ ቀን ቢቆም ሜዳው በ20 ቀን፣ ደጋው በ29 ቀን ይደርቃል። ዋልካ ከ100 በላይ ስለሚይዝ ምስርና ሽምብራ በዚያ ትርፍ ነው የሚያድጉት።

የወቅቱን ጠባይ ከባሕር ነው የምጀምረው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኃይለኛ ኤል ኒኞ (የሰላማዊ ውቅያኖስ ከልክ በላይ መሞቅ) ነበር፤ ዝናቡ አንሶ ድርቅ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ ክፍል ከልክ በላይ ሞቆ ዝናቡ እስከ አጨዳ ዘለቀ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ “ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች” ብሎ የሚሰጠው ዕድል በዋናነት ከዚህ ይነሳል። እሱን ለቀን ሥራ ማዋል አይቻልም፤ የትኛው ዘር ይሻላል ለሚለው ግን ይጠቅማል።

ከመስከረም 20 በኋላ ደጋው ላይ ዓይኔን ከዝናብ ወደ ውርጭ አዞራለሁ። ሦስት ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፦ አንዱ በጥላ 1 ሜትር ተኩል ላይ፣ ሁለተኛው አጠገቡ ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሦስተኛው ከሣሩ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። ሰማዩ በጠራ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት የሣሩ ከላይኛው 3 እና 4 ዲግሪ ይወርዳል፤ ረባዳ ቦታ ደግሞ ይብሳል፣ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደዚያ ይፈስሳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጨርቁን ሁለት ደቂቃ አራግቦ ማንበብ ነው። ደረቁ 12፣ እርጥቡ 5 ካለ፣ ለባሕር ወለል የተሠራው ሰንጠረዥ የጤዛው ሙቀት (አየሩ ሲቀዘቅዝ ጤዛ መቋጠር የሚጀምርበት) ከዜሮ በታች 5 ተኩል ነው ይላል። በደብረ ብርሃን ግፊት፣ 725 ሄክቶፓስካል ገደማ ላይ፣ ትክክለኛው ከዜሮ በታች 2 ያህል ነው። ሁለቱም ውርጭ እንደሚቻል ይናገራሉ፤ በመጀመሪያው የሚሄድ ግን አየሩን ከልክ በላይ ደረቅ አድርጎ ስለሚያየው ነጭ አመዳይ የሚጠበቅበትን ሌሊት ይስታል። አየሩ በጣም ደረቅ ሲሆን አመዳዩ ሳይታይ የባቄላው ቅጠል ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። ስለዚህ የሣሩን ቴርሞሜትር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ሳትወጣ ማንበብ ያስፈልጋል።