ብሩ ወንድሜ እጅ ቢገባስ?

ወንድሜ የሚኖረው ከእኔ ጋር እንግሊዝ ነው። በአገሩ የአእምሮ ጤና ሕግ አንቀጽ 3 (ሰውን ያለ ፈቃዱም ለሕክምና በሚያስገባው) ሆስፒታል ገብቶ ስለነበር፣ ከወጣ በኋላ በአንቀጽ 117 መሠረት ነፃ ድጋፍ ያገኛል። ችግሩ ማን፣ መቼ እንደሚመጣ የሚወስኑት ሌሎች መሆናቸው ነበር። ጠዋት መድኃኒቱ አደንዝዞት ተኝቶ ሳለ በር ይንኳኳል። ጭንቀቱ የሚነሳው ግን ማታ ነው፤ ያኔ ደግሞ እኔም ሥራ ላይ ነኝ።

ከታኅሣሥ 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንደሱ ያሉ ሰዎች የግል የጤና በጀት የማግኘት መብት አላቸው። መድኃኒትና ድንገተኛ ሕክምና አይነካም። ለቀረው ድጋፍ የሚበቃው ገንዘብ ይሰላና፣ በምን ላይ እንደሚውል ከባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ ያቅዳል።

ይህን ስናገር ዘመድ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፦ "ሲያመው ብሩን ቢበትነውስ?" ጤነኛ ነን የምንለውስ ስንቱን በትነናል! ለማንኛውም፣ ዕቅዱ ሳይጸድቅ ገንዘብ አይለቀቅም። ለቁማር፣ ለመጠጥ፣ ለሲጋራ፣ ለዕዳ አይውልም። በሦስት ወር ውስጥ ይገመገማል፣ ከዚያም ቢያንስ በየዓመቱ። ሲያመው ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግም ደህና በሆነበት ቀን ራሱ አስጽፏል።

እኔን ያስፈራኝ ወረቀቱ ነው። ብሩን በራስህ አካውንት ተቀብለህ ሰው ከቀጠርክ አሠሪ ሆንክ ማለት ነው፤ ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ የዓመት ፈቃድ ክፍያ። ይሄ ሁሉ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ አውቃለሁ። ለእኔ እንዲከፍለኝ ደግሞ አብረን ስለምንኖር ደንቡ በተለምዶ አይፈቅድም። ሌሎች መንገዶች አሉ፦ ገንዘቡን ኤንኤችኤስ (የአገሩ የሕዝብ ጤና አገልግሎት) ራሱ ይይዘዋል፣ ወይም ሌላ ድርጅት ይዞ ሠራተኛውን ይቀጥራል። ወንድሜ የመጨረሻውን መረጠ። "ሰውየውን ልምረጥ እንጂ ደረሰኝ መሰብሰብ አልፈልግም" አለ። ልክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የዚህ በጀት ሙከራ ውጤት በ2012 ሲወጣ፣ የተሳታፊዎቹ የሕመም መለኪያ ባይለወጥም ኑሯቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል። ወንድሜም አሁንም ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። ግን ማታ የሚመጣውን ሰው ራሱ አነጋግሮ ነው የመረጠው፣ በሩንም ራሱ ይከፍትለታል።

በዕቅዱ የጠየቅነው የውሃ ዋና ክፍያ ግን ገና አልጸደቀም። ዋና ለእንቅልፉ ምን እንደሚጠቅም በዝርዝር ጻፉ ተብለናል። ቅዳሜ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ።