ግፊቴን ቤት ውስጥ ሰባት ቀን የለካሁበት መንገድ

ክሊኒክ የተለካው የደም ግፊቴ 156/94 ነበር። ሐኪሙ በአንድ ቀን ቁጥር ክኒን ከማስጀመር ይልቅ ሰባት ቀን ቤት ለክቼ እንድመለስ ነገረኝ። አራት ኪሎ፣ እቤቴ፣ ክንድ ላይ በሚታሰር አውቶማቲክ መለኪያ ለካሁ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን የተውኩት እጅ ከልብ ትይዩ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ቁጥሩ ስለሚዛባ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት የማሰሪያውን ልክ ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር በትከሻና በክርን መሃል ያለውን የክንድ ዙሪያ ስለካ 34 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ከመለኪያው ጋር የመጣው ማሰሪያ ግን ከ22 እስከ 32 ይላል። የጠበበ ማሰሪያ ግፊትን ከፍ፣ የሰፋ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። እስከ 42 የሚሄደውን ገዛሁ። መለኪያ ሲገዛ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፤ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ክንድ ለክቼ ከፍ ያለው በታየበት ቀጠልኩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሽንት ቤት ደርሼ፣ ከቡናና ከቁርስ በፊት። ክኒን የሚወስድ ሰውም ከመዋጡ በፊት ይለካል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ደግሞ እንደገና። ማሰሪያው ባዶ ክንድ ላይ፣ የታችኛው ጠርዙ ከክርን መታጠፊያ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል። ከዚያ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ መለካት፣ 1 ደቂቃ ቆይቶ መድገም። ሁለቱም ቁጥር እንዳለ ይጻፋል፤ 137ን 135 ማድረግ ወይም ደስ የሚለውን መርጦ መጻፍ ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል።

ቁጥር የሚያበላሸው በአብዛኛው አቀማመጥ ነው። ዱካ ላይ ጀርባ አይደገፍም፣ ክንድም ይንጠለጠላል፤ ክንድ ከልብ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል የላይኛው ቁጥር 7 ወይም 8 ያህል ይጨምራል። እኔ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ክንዴን ጠረጴዛ ላይ ትራስ አድርጌ ከደረቴ መሃል አስተካከልኩት። እግር አይነባበርም። በብርዱ ጠዋት የሹራብ እጅጌ ጠቅልሎ ወደ ላይ መሰብሰብም ክንዱን አንቆ ይይዛል፤ እጅጌውን ማውለቅ ይሻላል። ቡና የጠጣ ሰው ከአቦል ቢያመልጥ ቶና ያገኘዋል፤ የመጨረሻው ስኒ ከወረደ በኋላ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። እየተለካ ማውራትም ቁጥሩን ይሰቅላል። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወጥቶ፣ ትንፋሹ ሳይረጋ መድኃኒት ቤት ገብቶ የሚለካ ሰው የሚያነበው የዳገቱን ግፊት ነው።

28 ልኬት ሆነ። የመጀመሪያው ቀን አራቱ ብዙ ጊዜ ከፍ ስለሚሉ ይጣላሉ፤ የቀሩት 24 ተደምረው ለ24 ይካፈላሉ። 138/86 ወጣ። 140 አልደረሰም ተብሎ አይታለፍም፤ ለቤት ልኬት ግፊት ከፍ አለ የሚባልበት ድንበር 135/85 ነው፣ 140/90 የክሊኒክ ነው።

የአለካኩ ነገር ምርምሩን ለማንበብም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው ስፕሪንት የተባለው የአሜሪካ ጥናት፣ ስኳር የሌለባቸውን ከ9,300 በላይ ሰዎች ይዞ፣ የላይኛውን ቁጥር ከ140 በታች ብቻ ሳይሆን ከ120 በታች ማውረድ የልብ ችግርንና ሞትን እንደሚቀንስ አሳየ። እዚያ ግን ታካሚው 5 ደቂቃ አርፎ፣ አውቶማቲክ መለኪያ ሦስት ጊዜ ለክቶ፣ አማካዩ ይወሰድ ነበር። በጥድፊያ የተለካን 130 ከዚያ 120 ጋር አስተያይቶ ክኒን መጨመር ሰውን እስከ ማዞርና መውደቅ ያደርሳል።

ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአነጋገር ወይም የእይታ መለወጥ ካለ ደብተሩ ይቀመጥ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ምልክት ከሌለ 5 ደቂቃ አርፎ ይደገማል፣ ካልወረደም በዚያው ቀን ሐኪም ይታያል።

ወደ ክሊኒኩ ስመለስ ደብተሩን ብቻ ሳይሆን መለኪያውንም ይዤ ሄድኩ፤ ነርሷ በእነሱ መለኪያ ለክታ ከእኔው ጋር አስተያየችው።