ማክሮዬ የዳታውን መጨረሻ ራሱ መፈለግ ጀመረ

ትናንት ማታ የኤክሴል ማክሮዬን (ሥራን በራሱ የሚሠራልኝን ኮድ) መጀመሪያ በ40 ረድፍ፣ ቀጥሎ በ9,000 ረድፍ ዳታ ላይ ሞከርኩት። ኮዱ ውስጥ አንድም ቁጥር አልቀየርኩም። ሁለቱንም በትክክል ደመረልኝ! ለእናንተ ሳልነግር ማደር አልቻልኩም።

አጀማመሬ ያው የብዙዎቻችሁ ነው። በእጅ የምሠራውን ወደ ኮድ በሚቀይረው ማክሮ ሪከርደር ቀዳሁ፣ የወጣውን ኮድ እየነካካሁ ተማርኩ። ሪከርደሩ ግን ያኔ የመረጥኩትን ሬንጅ (የሴሎች ክልል) እንዳለ ነው የሚጽፈው። ከኤ2 እስከ ዲ250 ካለ፣ ዳታው 300ኛው ረድፍ ሲደርስም እዚያው 250 ላይ ነው። 50 ረድፍ ይቀራል፣ ስህተት የሚል መልእክት ግን አይመጣም።

ከዚያ የዳታን ጫፍ የሚፈልገውን ኢንድ (End) የሚባል ትእዛዝ አገኘሁና ከላይ ወደ ታች፣ በኤክስኤል ዳውን (xlDown) መጠቀም ጀመርኩ። ኮንትሮልን ይዞ የታች ቀስትን እንደመጫን ነው። ሳምንታት የፈጀብኝ እዚህ ነው። ድምሩ አንዴ ልክ ይሆናል፣ አንዴ ይጎድላል፤ እኔ ደግሞ ጥፋቱን የመደመሪያው ኮድ ውስጥ ስፈልግ ከረምኩ። ለካ ዳታው መሃል አንድ ባዶ ሴል ካለ እዚያው ይቆማል። ከርዕሱ በታች ምንም ከሌለ ደግሞ እስከ ሺቱ ጫፍ፣ እስከ 1,048,576ኛው ረድፍ ይወርዳል።

መፍትሔው መገልበጥ ነው። ከሺቱ የመጨረሻ ረድፍ ተነሱና በኤክስኤል አፕ (xlUp) ወደ ላይ ውጡ። መጀመሪያ የሚያገኘው ባዶ ያልሆነ ሴል የዳታችሁ መጨረሻ ነው። የጫፉን ቁጥር በእጃችሁ አትጻፉ፣ የሺቱን ረድፎች የሚቆጥረው ሮውስ ካውንት (Rows.Count) ይንገራችሁ፤ የድሮዎቹ የኤክሴል ፋይሎች 65,536 ረድፍ ብቻ ናቸው። ዓምዱንም ምረጡ። መለያ ቁጥር ያለበት ይሻላል፣ የአስተያየት ዓምድ አይታመንም። ፊልተር ካለ ቀድማችሁ አንሱት፣ ኤክስኤል አፕ የተደበቁ ረድፎችን ይዘላል። የረድፍ ቁጥር የምትይዙበትን ተለዋዋጭ (variable) ደግሞ ዓይነቱን ሎንግ (Long) በሉት፣ ኢንቲጀር (Integer) የሚባለው ዓይነት ከ32,767 በላይ አይችልም።

ሺቱ ላይ ጥቅም ላይ የዋለውን ክልል የሚሰጠውን ዩዝድ ሬንጅን (UsedRange) ለዚህ ሥራ አልወደውም። ቀለም ብቻ የተቀባ ባዶ ሴልም ይቆጥራል። ፋይሉ የራሳችሁ ከሆነ ዳታውን በኮንትሮል ቲ ቴብል (የኤክሴል ሰንጠረዥ) አድርጉት፣ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው ሰው በላከልኝ ፋይል ላይ ስለሆነ ኤክስኤል አፕን አልተውም። ሴልን የሚመርጠውን ሴሌክት (Select) የሚባል ትእዛዝም ከኮዴ ውስጥ ገና አላጸዳሁም፤ እንደማያስፈልግ አውቃለሁ፣ የሚሠራ ነገር መንካት እየፈራሁ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ። ሺቱ ላይ ርዕስ ብቻ ካለ የመጨረሻው ረድፍ 1 ይሆናል። ያኔ ከኤ2 እስከ ዲ1 ስትሉት ኤክሴል ገልብጦ ከኤ1 እስከ ዲ2 አድርጎ ይወስደዋል። አጥፋ ብዬው ርዕሶቼን አጠፋብኝ፣ ማክሮ የሠራውን ደግሞ የኤክሴል መመለሻ (Undo) አይመልሰውም። አሁን የመጨረሻው ረድፍ ከ2 ካነሰ ምንም ሳይነካ እንዲወጣ አድርጌዋለሁ።