የሳይክስን ስም ስከታተል፦ የአምስት ወር ማስታወሻ

ሥራ ቦታችን ግድግዳ ላይ የፈረቃ ዝርዝር ይለጠፋል። የምሠራው ሰሜን እንግሊዝ፣ ሀደርስፊልድ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ነው። አንድ ቀን ዝርዝሩን ሳይ ሦስት ሳይክስ አገኘሁ። ወንድማማቾች መስለውኝ አንዱን ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። "አንዳቸውም ዘመዴ አይደሉም። እዚህ አካባቢ ዓይንህን ጨፍነህ ድንጋይ ብትወረውር ሳይክስ ነው የምትመታው" አለኝ።

እዚያ ላይ ጀመርኩ። አሁን አምስተኛ ወር ሆኖኛል። እንደኔ ስምና የዘር ሐረግ መከታተል የጀመራችሁ ካላችሁ፣ የገባኝንም የተሳሳትኩትንም ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ትርጉሙን ፈለግኩ። እዚህ ብዙ አልተቸገርኩም። የእንግሊዝና የአየርላንድ የቤተሰብ ስሞችን የሚተነትን ትልቅ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ2016 ወጥቷል፤ ከ45,000 በላይ ስም ይዟል። ከተማችን ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አገላበጥኩት። ሳይክስ "ሳይክ" ከሚል የጥንት ቃል የመጣ ነው። ሳይክ ማለት ቀጭን ውሃ ነው። ወንዝ አይባልም፣ ጅረት ለማለትም ያንሳል። ዝናብ ሲመጣ የሚሞላ፣ በበጋ አንዳንዴ የሚደርቅ፣ ብዙ ጊዜ የአንዱን ማሳ ከሌላው የሚለይ። ይህን ሳነብ አንድ ቃል ብቻ ነው የመጣልኝ፦ ፈፋ። ሳይክስ ማለት እንግዲህ "የፈፋው ሰው" ነው፤ ቤቱ ፈፋው አጠገብ የሆነ።

ደስ አለኝ። "በቃ፣ አወቅሁት" አልኩ። ስህተቴም የጀመረው እዚሁ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈፋ የሌለው መንደር የለም። የስሙ ትርጉም ይሄ ከሆነ፣ ስሙ መቶ ቦታ፣ በመቶ የማይተዋወቁ ሰዎች ላይ ሊወጣ ይችላል። ሊቃውንቱም ለረጅም ጊዜ የገመቱት እንደዚያ ነበር። ታዲያ ለምን ሀደርስፊልድ ላይ ተከመረ? መዝገበ ቃላቱ ትርጉሙን እንጂ ክምሩን አላብራራልኝም። ስለዚህ ወደ ካርታ ዞርኩ።

ለዚህ ሥራ የ1881 የሕዝብ ቆጠራ ወርቅ ነው። እንግሊዝ ከ1801 ጀምሮ፣ ከጦርነቱ ዓመት ከ1941 በቀር፣ በየ10 ዓመቱ ሕዝቧን ትቆጥራለች። የእያንዳንዱ ሰው ስም በየቤቱ ተመዝግቦ የምናገኘው ግን ከ1841 ወዲህ ነው። የ1841ዱም ሰነፍ ቆጠራ ነው። የአዋቂውን ዕድሜ ወደ ታች አጠጋግቶ በአምስት በአምስት ይጽፋል። የት ተወለድክ ለሚለውም "እዚሁ አውራጃ ነው ወይስ አይደለም" ብቻ ነው የሚለው። ከ1851 ወዲህ የትውልድ አጥቢያው ይጻፋል፤ ያኔ ነው ሰውን መከተል የሚቻለው። የ1881ዱን ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ቁጭ ብለው ከዳር እስከ ዳር ገልብጠውታል። ባቡርና ፋብሪካ ሰዉን ቢያንቀሳቅሰውም ገና አልበተነውም ነበርና፣ ስሞች ከጥንት ሰፈራቸው ብዙም ሳይርቁ ታገኟቸዋላችሁ።

የመጀመሪያ ካርታዬን አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቼ ሠራሁ። ሳይክሶች የበዙበትን ወረዳ በደማቅ ቀለም ቀባሁ። ሀደርስፊልድ ጠቆረ። ሊድስም ጠቆረ። ማንችስተርም። ለንደንም። ግራ ገባኝ፤ ስሙ ለንደን ምን ይሠራል? ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ አየችና "ይሄ እኮ ሰው የሚበዛበት ቦታ ካርታ ነው" ብላኝ ወደ ኩሽና ሄደች።

ልክ ነበረች። ጥሬ ቁጥር ነበር የቀባሁት። ለንደን ውስጥ ከሁሉም ስም ብዙ አለ። የሚያስፈልገው ከአካባቢው ሕዝብ መካከል ምን ያህሉ ሳይክስ ነው የሚለው ነው። በሕዝቡ ብዛት አካፍዬ እንደገና ስቀባው ለንደን ነጣች። የቀረው የዌስት ራይዲንግ ምዕራባዊ ጫፍ ነው፤ የዮርክሻየር ተራራማው ክፍል ማለት ነው። እምብርቱ ሀደርስፊልድና የኮልን ሸለቆ። ከዚያ ተራራውን ተሻግሮ ሳድልወርዝ፣ ቀጥሎ ላንክሻየርና ቼሻየር ጠርዝ ላይ እየሳሳ ይሄዳል።

ሳድልወርዝ ላይ ተጠንቀቁ። የዛሬ ካርታ ላይ ታላቋ ማንችስተር ውስጥ ነው የምታገኙት። ወደዚያ የተዛወረው ግን በ1974 ነው፤ ከዚያ በፊት የዮርክሻየር ነበር። እኔ ይህን ሳላውቅ የሳድልወርዝን ሳይክሶች "ወደ ላንክሻየር የተሰደዱ" ብዬ መዝግቤ ሁለት ሳምንት አባከንኩ። ሰዎቹ ከቤታቸው ንቅንቅ አላሉም። ድንበሩ ነው የሄደው። ኮሜዲያኑ ኤሪክ ሳይክስ በ1923 የተወለደው ኦልደም ነው፤ ከሳድልወርዝ ግርጌ ያለች የጥጥ ከተማ። ካርታውን ካያችሁ በኋላ አይገርማችሁም።

አሁን ወደ ጣፋጩ ነገር ልምጣ።

በኦክስፎርድ ብራያን ሳይክስ የሚባል የዘረመል ሊቅ ነበር፤ በ2020 ነው ያረፈው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የራሱ ስም ከነከነው። የአንድ ትልቅ መድኃኒት ኩባንያ ሊቀመንበርም ሳይክስ ነበርና፣ ዘመድ እንሆን እንደሆነ ብሎ ናሙና ጠየቀው። የሁለቱ ዋይ ክሮሞዞም ገጠመ። ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ነው የሚተላለፈው፣ ልክ እንደ እንግሊዝ የቤተሰብ ስም። ስለዚህ ስሙና ክሮሞዞሙ አብረው መጓዝ አለባቸው።

ከዚያ ሰፋ አድርጎ ከካትሪን አይርቨን ጋር 48 ሳይክስ የሚባሉ ወንዶችን መረመረ፤ ውጤቱ በ2000 ታተመ። የጠበቀው ቅልቅል ነበር፤ ብዙ ፈፋ፣ ብዙ አባት። ያገኘው ግን 43.8 በመቶው፣ ማለትም 21ዱ ሰው፣ አንድ ዓይነት ክሮሞዞም የተሸከመ መሆኑን ነው። የሳይክስ ስም ምንጭ አንድ ሰው ነው ብሎ ደመደመ። መጋዘን ያሉት ሦስቱ "አንተዋወቅም" ይላሉ፤ ዋይ ክሮሞዞማቸው ግን ምናልባት ይተዋወቃል።

የቀሩትስ? ጉዲፈቻ አለ። የእንጀራ አባቱን ስም የወሰደ አለ። ሚስት ከውጭ ያመጣችው ልጅም አለ፤ እንግዲህ የሰው ነገር ነው። ጥናቱ ያልገጠሙት ሁሉ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው ብሎ በ700 ዓመት ላይ ሲያሰላው በአንድ ትውልድ 1.3 በመቶ ገደማ ደረሰበት። እኛ እስከ ሰባት ቤት ስንቆጥር በሙሉ ልብ ነው የምንቆጥረው። ይህችን ቁጥር ካየሁ በኋላ እኔ ትንሽ ቀስ ብዬ ነው የምቆጥረው።

አንድ ነገር ግን ልበል። ያ ጥናት ዋይ ክሮሞዞሙ ላይ ያነጻጸረው አራት ምልክት፣ ማለትም ከሰው ሰው የሚለያዩ አራት ነጥቦችን፣ ብቻ ነው። ዛሬ ተራ የንግድ ምርመራ እንኳን 37 ወይም 111 ምልክት ያያል። አራት ምልክት ላይ ባዕድ ሰውም በአጋጣሚ ሊገጥም ይችላል። ስለዚህ "አንድ አባት" የሚለውን እንደ ወንጌል አልይዘውም። በ2009 ግን የሌስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ 40 ስሞችንና 1,678 ወንዶችን አይተው ነገሩን አጠናከሩት። ስሙ ብርቅ ከሆነ ባለቤቶቹ አንድ አባት ላይ የመገናኘት ዕድላቸው ሰፊ ነው። አተንቦሮ የሚባሉት ከአሥሩ ዘጠኝ ገደማ ገጠሙ። ስሚዝ ላይ ግን ይሄ አይሠራም። ስሚዝ ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ ቀጥቃጭ ደግሞ በየመንደሩ ነበር።

ታዲያ ሁሉም ፈፋ አጠገብ ሰው ካለ፣ የአንዱ ስም ብቻ እንዴት ቀረ? ይሄን የፈታልኝ የግብር መዝገብ ነው።

በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የእንግሊዝ መንግሥት የነፍስ ወከፍ ግብር ጣለ። የ1381ዱ ሕዝቡን አስነስቶ ለንደን ድረስ ያዘመተው ነው። የ1379ኙ የዌስት ራይዲንግ መዝገብ ደህና ሆኖ ደርሶናል፤ በየመንደሩ፣ በስም በስም፤ ድሃው 4 ፔንስ ይከፍላል። አንድ ገጽ ላይ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ጆን፣ ዊልያም፣ ጆን፣ ቶማስ፣ ሮበርት፣ ጆን፣ ሪቻርድ። በአምስት ስም አገር ሞላ! ጸሐፊው እነዚህን ጆኖች ካልለየ ግብሩን እንዴት ይሰብስብ? ስለዚህ አንዱ የሪቻርድ ልጅ ጆን፣ አንዱ ልብስ ሰፊው ጆን፣ አንዱ የፈፋው ጆን ሆኖ ይጻፋል። "የፈፋው" የሚለው መዝገቡ ላይ "ዴል" ብሎ ነው የሚጀምረው። ብዙዎቹ ቅጥያዎች ገና ለልጅ የሚተላለፉ አልነበሩም፤ የሰውየው መለያ ብቻ ናቸው፣ ሲሞት አብረውት ይሞታሉ። ወንድ ልጅ ያጣ ቤትም ስሙን ይዞ ይቀበራል። ጥቂቱ ቀረ።

የቀረው ደግሞ እዚሁ በዛ። የኮልን ሸለቆ ገበሬ መሬቱ አሲዳማና ቀዝቃዛ ነው፤ በእርሻ ብቻ አይኖርም። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ሱፍ ይሸምናል። ሽመና ካለ ደግሞ ትንሿ መሬት ለልጆች ብትከፋፈልም ይኖሩባታል፣ አይሰደዱም። ቤቶቹ አሁንም ቆመዋል። ላይኛው ፎቅ ላይ መስኮቶቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው ተደርድረዋል፣ ሸማኔው ብርሃን እንዲያገኝ።

ወጣ ያሉትን በአጭሩ ላንሳ። ከመካከለኛው ምሥራቅ ታሪክ የምናውቀው የ1916ቱ የሳይክስ-ፒኮ ስምምነት ባለቤት ማርክ ሳይክስ ከዮርክሻየር ሌላኛው ጎን፣ ከስሌድሚር ነው፤ በሀል ወደብ ንግድ የከበረ ቤተሰብ። በ1919 ፓሪስ ውስጥ በኅዳር በሽታ ዘመን ወረርሽኝ ሞተ። በእርሳስ ሣጥን ስለተቀበረ በ2008 ተመራማሪዎች መቃብሩን ከፍተው የቫይረሱን ዱካ ለመፈለግ ናሙና ወሰዱ። ስም ስፈልግ ገብቼ ከዚህ ታሪክ ለመውጣት ሦስት ማታ ፈጀብኝ። አሜሪካዊቷ ኮሜዲያን ዋንዳ ሳይክስ ደግሞ ቨርጂኒያ ነው የተወለደችው፣ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። አሜሪካ ውስጥ ስም ከደም ጋር ብቻ አይሄድም። በባርነት ዘመን ከባለቤቱ ስም ጋርም ሄዷል። ስለዚህ ዮርክሻየር ላይ የተማርኩትን ዘዴ እዚያ አልሞክረውም።

ይሄን ሁሉ ስሠራ ስለራሴ ቤት ማሰቤ አልቀረም። እዚህ አገር ስመጣ ፎርሙ ላይ "የቤተሰብ ስም" የሚል ሳጥን ነበር። የአያቴን ስም ጻፍኩበት። ባለቤቴም የአያቷን። ልጃችን ስትወለድ በአገራችን ወግ የእኔን ስም አስከተልንላት። ሦስት ሰው፣ ሦስት የቤተሰብ ስም። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሁሌ "ይቺ ያንተ ልጅ ናት?" እባላለሁ። ለ1379ኙ ጸሐፊ ምንም አይገርመውም ነበር፤ "የእገሌ ልጅ እገሊት" ብሎ ጽፎ 4 ፔንሱን ይቀበላል።

ባለፈው እሁድ ስሌይትዌይት ሄድኩ። ከሀደርስፊልድ በባቡር አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። የአገሬው ሰው ግን እንዲያ አይጠራትም፤ "ስላዊት" ነው የሚላት። የሰላማዊት ታናሽ እህት ትመስላለች። የሳይክስ እምብርት ከሚባሉት መንደሮች አንዷ ናት። ከቦዩ ዳር ተነስቼ ዳገቱን ወጣሁ። በድንጋይ ካብ በተከፋፈለው ግጦሽ መካከል አንድ ፈፋ አገኘሁ። አንድ እግሬን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ አድርጌ ቆምኩበት። ውሃው ጫማዬን እንኳን አላራሰም። ያኛው ሰውዬ የኖረው እዚህ ጋ ነው አልልም፤ ከጎኑ ሌላ ፈፋ አለ፣ ከዚያም ሌላ። ፎቶ አንስቼ ሰኞ ለመጋዘኑ ሳይክስ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ አየውና "ለዚህች ነው?" አለኝ።

ቀጣዩን ስም መርጫለሁ። አርሚቴጅ ነው፤ እሱም የሀደርስፊልድ ስም ነው፣ እሱም ከአንድ ቦታ የወጣ ይመስላል። ትርጉሙ የባሕታዊ ማደሪያ ማለት ነው። የሌሊት ፈረቃ አለቃችን ስሙ ይሄ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ድምፁ የማይደርስበት ጥግ የለም። እስካሁን አልነገርኩትም።